ፒኩ ታየ፤ ድንጋዩን የያዘው ግን ማን ነው?

ጥያቄው ከአንዲት የማስተርስ ተማሪ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ደብረ ብርሃን ነው የምማረው። ከጀማ ሸለቆ ያመጣሁትን የኖራ ድንጋይ ፈጭቼ፣ ካልሳይቱን (የኖራውን ማዕድን) ከኳርትዙ (ከአሸዋው ማዕድን) በፍሎቴሽን ለመለየት እየሞከርኩ ነው። ኮሌክተሬ ሶዲየም ኦሊዬት ነው። ኦሊዬት ውስጥ የቆየውን ዱቄት በኤፍቲአይአር (በኢንፍራሬድ ብርሃን በሚመረምር መሣሪያ) ሳየው፣ በሞገድ ቁጥር 2920 እና 2850 ላይ ፒክ (የሾለ ጉብታ) አገኘሁ። ኬሚሶርፕሽን ነው ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ግን ‹በምን አወቅሽ?› ብለው መለሱልኝ። ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ አማካሪሽ እውነታቸውን ነው። በነዚህ ሁለት ፒኮች ብቻ ኬሚሶርፕሽን ነው፣ ማለትም ኦሊዬቱ ድንጋዩን በኬሚካል ማሰሪያ ይዞታል፣ ማለት አይቻልም። ፒኮቹ ውሸታም ናቸው ማለቴ አይደለም። የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። 2920 እና 2850 የሚሉሽ «እዚህ ቅባት አለ» ብቻ ነው። ቅባቱ ከየት መጣ? ድንጋዩን በምን ያዘው? ወይስ እንዲሁ ተቀምጦበት ነው? ይሄን አይነግሩሽም።

ሌሎችም ስለሚያነቡት ነገሩን ከስሩ ልጀምር።

በፍሎቴሽን ድንጋይ ይፈጫል፣ ከውሃ ጋር ይበጠበጣል፣ ከስር አየር ይነፋበታል። ውሃ የሚሸሸው ቅንጣት አረፋ ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ውሃ የሚወደው እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀራል። ክብደት እዚህ ብዙ ቦታ የለውም። ጋሌና የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ከኳርትዝ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሆኖም የሚስማማውን ኬሚካል ካገኘ ጋሌናው ይንሳፈፋል፣ ቀላሉ ኳርትዝ ስር ይቀራል።

መንዝ ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት ላብራቶሪ አያስፈልገውም። ያልታጠበ የበግ ጠጉር ላይ ውሃ ጠብ አድርጊ። ውሃው ይንከባለላል እንጂ ቶሎ አይገባም። የሚመልሰው ጠጉሩ ላይ ያለው ቅባት ነው። ኮሌክተር የምንለው ኬሚካልም ሥራው ይኸው ነው፤ ድንጋዩን ቅባት ያለው ጠጉር ማልበስ። ዋናው ጥበብ የምትፈልጊውን ድንጋይ ብቻ አልብሶ ሌላውን ራቁቱን መተው ነው።

ኦሊዬት ራስና ጅራት አለው። ጅራቱ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው። ራሱን ጨምሮ 18 ካርቦን አለው። ራሱ ካርቦክሲሌት ነው፤ ቻርጅ ያለው፣ ካልሲየም ሲያገኝ የማይለቅ። እንግዲህ 2920 እና 2850 ከየት ነው የሚመጡት? ከጅራቱ። ካርቦንና ሃይድሮጅን ሲወዛወዙ የሚሰጡት ድምፅ ነው። ድንጋዩን የሚይዘው ግን ራሱ ነው። አንቺ ስለ እጁ ጠይቀሽ የመለሰልሽ እግሩ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄሽን ወደ ራሱ አዙሪ። ራሱ የሚናገርበት ቦታ ከ1500 እስከ 1720 ያለው ሜዳ ነው። እዚያ ላይ ነው ጨዋታው።

ኦሊይክ አሲድ ሆኖ ከተቀመጠ፣ ማለትም ሃይድሮጅኑን ይዞ ካለ፣ 1710 አካባቢ ይታያል። ሶዲየም ኦሊዬት ሆኖ ከደረቀ 1560 ገደማ ላይ ጠንካራ ፒክ ይሰጣል። ካልሲየም ኦሊዬት ከሆነ ደግሞ መንታ ይወልዳል፤ አንዱ 1575 አካባቢ፣ ሌላው 1540 አካባቢ። ይሄን መንታ አንዴ ካየሽው አትረሺውም። ከካልሲየም ማዕድን ገጽ ጋር ራሱ በቀጥታ ሲያያዝ፣ ማለትም በአንድ ረድፍ ሲደረደር፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው 1550 አካባቢ ያለ አንድ ነጠላ ፒክ ነው። መንታው የተለየ ታሪክ አለው፤ እመለስበታለሁ።

እዚህ ጋ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ። ማዕድንሽ ካልሳይት ነው። ካልሳይት በኢንፍራሬድ ፊት ዝም የሚል ድንጋይ አይደለም። 1420 አካባቢ ያለው ፒኩ ግዙፍና ሰፊ ነው። ክንፉ እስከ 1550 ድረስ ይዘረጋል። የካርቦክሲሌት ሁለተኛው ፒክ፣ 1440 አካባቢ የሚመጣው፣ ሙሉ በሙሉ እዚያ ስር ይቀበራል። እሱን እርሺው። 875 እና 712 ላይ ያሉትም የካልሳይት ናቸው፤ እነሱ አይጎዱሽም። ከነዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ የማይባሉት ትንንሾቹ ናቸው፤ 2980፣ 2870፣ 2510 እና 1795 አካባቢ። አዎ፣ 2870። ካልሳይት ራሱ፣ ኦሊዬት አይቶ የማያውቅ ካልሳይት፣ 2850 ጎን ትንሽ ጉብታ አለው። ሰው ቸኩሎ ያችን ጉብታ «ኮሌክተሬ ነው» ይላታል። ያንቺ ስፔክትረም ላይ 2920 ትንሽ፣ 2870 ገፋ ያለ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያልታከመውን ድንጋይ ስፔክትረም ጎን ለጎን አስቀምጪ።

ያልታከመ ስል ከከረጢቱ ተጨልፎ የተነሳውን ማለቴ አይደለም። ሁሉም ነገር የተደረገለት፣ ኦሊዬት ብቻ የቀረበት ናሙና ነው። እሱም በዚያው ውሃ ይበጠበጥ፣ በዚያው ፒኤች ይቆይ፣ በዚያው ወረቀት ይጣራ፣ በዚያው እጅ ይነካ።

በእጅ የሚለው ላይ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ ኳርትዝ ላይ አሚን የሚባል ኮሌክተር እየሞከርኩ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ በታኅሣሥ እጅ ይሰነጥቃል፤ አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም። ስፔክትረሜ ላይ 2920 እና 2850 ቁልጭ ብለው ወጡ። ሁለት ሳምንት ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ከዚያ አንድ ቀን ነገሩ ከነከነኝና አሚን የሌለበትን ባዶ ናሙና አነሳሁ። ያው ፒክ፣ ያው ቁመት። 1460 እና 1377ም አብረው አሉ። ጣቶቼን አየሁ። ጠዋት የተቀባሁት ቫዝሊን ነበር። ቫዝሊን ከነጭራሹ ጅራት ነው፤ ራስ የለውም። ድንጋይ አይዝም፣ ግን 2920 ላይ ከማንም በላይ ይጮኻል።

ከዚያ ወዲህ ጓንት ሳላደርግ ናሙና ነክቼ አላውቅም። ጓንቱንም ቢሆን ዱቄት ያልተቀባውን ነው የምመርጠው። ናሙና በፌስታል አላስቀምጥም፤ ብርጭቆ ብልቃጥ ይሻላል። ከፕላስቲክ የሚወጣው ማለስለሻም እዚያው ቦታ ላይ ይታያልና።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ሙያው ያለው እዚህ ነው። ዱቄትሽ 50 ማይክሮን (0.05 ሚሊሜትር) ነው እንበል። የካልሳይት እፍጋት 2.7 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። የ1 ግራም ዱቄት ገጽ ተደምሮ 0.044 ካሬ ሜትር ገደማ ይመጣል። የአንዲት ትንሽ መሐረብ ስፋት ማለት ነው። አንድ የኦሊዬት ሞለኪውል ቆሞ ሲደረደር 0.33 ካሬ ናኖሜትር አካባቢ ይይዛል። ገጹ በአንድ ረድፍ ጥቅጥቅ ብሎ ቢሸፈን እንኳ በ1 ግራም ድንጋይ ላይ ያለው ኦሊዬት 0.06 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ፔሌት (መሣሪያው ውስጥ የሚገባ፣ ተጭኖ የተሠራ ቀጭን ክብ) ለመሥራት ፖታሲየም ብሮማይድ ውስጥ የምትጨምሪው ናሙና ስንት ነው? 2 ሚሊግራም። ታዲያ በፔሌቱ ውስጥ ያለው ኦሊዬት 0.12 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

ይሄንን ተራ መሣሪያ እንደልቡ አያየውም። ስለዚህ 50 ማይክሮን ዱቄት ላይ ፒክሽ ጉልህ ሆኖ ከወጣ ደስ አይበልሽ። ጠርጥሪ። ወይ ቆሻሻ ነው፣ ወይ ከአንድ ረድፍ እጅግ የበለጠ ኦሊዬት ተከምሯል።

መፍትሔው ለስፔክትሮስኮፒ የሚሆነውን ናሙና ለብቻው ማድቀቅ ነው። 2 ማይክሮን ካደረስሽው የ1 ግራሙ ገጽ ወደ 1.1 ካሬ ሜትር ያድጋል፤ ኦሊዬቱም ወደ 1.5 ሚሊግራም። ሃያ አምስት እጥፍ ነው። ያኔ ማየት ትጀምሪያለሽ። ለፍሎቴሽን ሙከራው ግን 2 ማይክሮን አይሆንም፤ እንዲያ የላመ ዱቄት አረፋ ላይ በቅጡ አይወጣም። ሁለት መጠን፣ ሁለት ሥራ። በጽሑፍሽ ላይ ይሄንን በግልጽ አስፍሪው፤ ፈታኝ ይጠይቅሻል። ኦሊዬቱንም በግራም ሳይሆን በገጽ ስፋት አመጣጥኚ። ገጹ ሃያ አምስት እጥፍ ሲያድግ በድሮው መጠን ከሰጠሽው አብዛኛው ገጽ ራቁቱን ይቀራል።

ስለ ፔሌትም አንድ ነገር ልበል። ፖታሲየም ብሮማይድ እርጥበት ይስባል። ካልደረቀ 3400 እና 1640 አካባቢ ውሃ ያሳይሻል። 1640 ደግሞ ከምትፈልጊው ሜዳ አጠገብ ነው። ዱቄቱን ስትሰልቂና ስትጫኚም ገጽ ላይ ያለውን ነገር ልትነካኪው ትችያለሽ። ዲፊዩዝ ሪፍሌክታንስ የሚባለው መለዋወጫ ካለ እሱ ለዱቄት ይሻላል፤ መጫን የለበትም፣ የገጹንም ድምፅ ይበልጥ ይሰማል። ኤቲአር (ናሙናው ክሪስታል ላይ ተጭኖ የሚታይበት ዘዴ) ቀላልና ፈጣን ነው። ግን ብርሃኑ ወደ ናሙናው 1 ማይክሮን ገደማ ይገባል። የኦሊዬቱ ረድፍ 2 ናኖሜትር አካባቢ ነው። 1 ማይክሮን ውስጥ 2 ናኖሜትር መፈለግ ነው።

ሌላው የምትተነፍሽው አየር ነው። አትሳቂ። የውሃ ተን ከ1400 እስከ 1900 ድረስ የሾህ አጥር የመሰለ ጥቃቅን መስመር ይሰጣል። ካርቦክሲሌት የሚናገርበት ሜዳ እዚያው መሃል ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ መስኮት ይዘጋል፣ አራት ተማሪ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። ባክግራውንዱን (ናሙና ሳይኖር የሚነሳውን ስፔክትረም) ጠዋት ብቻሽን ሆነሽ ታነሺያለሽ። ናሙናውን ከሰዓት ክፍሉ ሞልቶ ታነሺያለሽ። በመሃል የተለወጠው አየር ስፔክትረምሽ ላይ ፒክ ሆኖ ይወጣል። 2349 ላይ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እይው። እሱ ከተነሳ ወይም ከጎደለ አየሩ ተለውጧል፤ ተኑም ሳይለወጥ አይቀርም። ባክግራውንዱን ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት አንሺ። መሣሪያው ውስጥ ያለው ሲሊካ ጄል ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ከሄደ አድርቂው ወይም ለውጪው።

ቀጥሎ መቀነስ ነው። የታከመው ስፔክትረም ላይ ያልታከመውን ትቀንሻለሽ፤ ቀሪው የኮሌክተሩ ነው ይባላል። ጥሩ ነው፣ ግን በምን ሚዛን ነው የምትቀንሺው? ብዙ ሰው 1420ን ወይም 875ን እስኪጠፋ ድረስ ይቀንሳል። እነዚህ በጣም ጠንካራ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ሞልተው ፈሰዋል። 1795ን ወይም 2510ን ያዢ። ደካማ ናቸው፣ ስለዚህ ልካቸው ይታመናል። እነሱ ዜሮ ሲሆኑ አቁሚ። 1420 አካባቢ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ቅርጽ ከቀረ የሁለቱ ናሙናዎች ልመት አልተመሳሰለም ማለት ነው። ያንን እንደ ግኝት አትጻፊው።

አሁን ወደ መንታው ልመለስ።

ካልሲየም በበዛበት የጉድጓድ ውሃ ልብስ አጥበሽ ታውቂያለሽ? ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ይላል። ውሃው ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል፣ ሳፋው ዳር ላይ ይለጠፋል። ያ ፍርፋሪ የካልሲየም ሳሙና ነው። ሶዲየም ኦሊዬትም ሳሙና ነው። ካልሳይት ደግሞ ውሃ ውስጥ ትንሽ ይሟሟል፤ ካልሲየም ይለቃል። እንግዲህ ብልቃጥሽ ውስጥ ያ የሳፋው ነገር እየተደገመ ነው። ኦሊዬቱ ገጹ ላይ ሳይደርስ ውሃው ውስጥ ካልሲየም አግኝቶ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ዝቃጩ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ያርፋል። ስፔክትረምሽ 1575 እና 1540 ያሳያል። ካልሲየምና ካርቦክሲሌት በእርግጥ ተያይዘዋል። ግን የተያያዙት ከገጹ ካልሲየም ጋር ነው ወይስ ከውሃው? መንታው ብቻውን አይመልስም።

አማካሪሽ የጠየቁት ይሄንን ይመስለኛል። እኔም ብሆን የምጠይቅሽ ይሄንን ነው።

የሚለየውን ሙከራ ልንገርሽ። ንጹሕ ኳርትዝ ውሰጂ፣ በዚያው ልመት። ኳርትዝ ገጹ ላይ ካልሲየም የለውም፤ ኦሊዬትም ብቻውን ሲያገኘው አይይዘውም። ሁለት ብልቃጥ አዘጋጂ። በአንዱ ኳርትዙን በዲስቲልድ ውሃና በኦሊዬት በጥብጪ። በሁለተኛው ግን ውሃው የካልሳይቱ ይሁን። ካልሳይት አንድ ሌሊት ያደረበትን ውሃ አሳርፊና ከላይ የጠለለውን ብቻ ቅጂ፤ እሱ ውስጥ ኳርትዝና ኦሊዬት ጨምሪ። ፒኤቹ ከካልሳይቱ ሙከራ ጋር እኩል ይሁን። ከዚያ ሁለቱንም አንሺ።

የመጀመሪያው ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ወይ ኳርትዙ ንጹሕ አይደለም፣ ወይ እጅሽ። ሁለተኛው መንታውን ካሳየ ግን ወሬው ሌላ ነው። ካልሲየም የሌለው ድንጋይ ላይ ካልሲየም ኦሊዬት ተገኘ ማለት ከውሃው መጥቶ አርፏል፤ ወይም የውሃው ካልሲየም መጀመሪያ ኳርትዙን ይዞ ኦሊዬቱን ጠርቶበታል። ይሄ ሁለተኛው ፒኤቹ ከፍ ሲል፣ በተለይ 11ን ሲያልፍ፣ የታወቀ ጣጣ ነው። በሁለቱም መንገድ ካልሳይትሽ ላይ ያየሽው መንታ የገጹ ነው ለማለት አቅም ታጪያለሽ። ለፍሎቴሽንሽም መጥፎ ዜና ነው። ኳርትዙም ካልሳይቱን ተከትሎ አረፋ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛው መለያ መጠን ነው። ከትንሽ ጀምሪ። በሊትር 0.00001 ሞል፣ ከዚያ 0.00005፣ 0.0001፣ 0.0005። በትንሹ መጠን ነጠላዋ 1550 ቀድማ ከታየች፣ መንታው በኋላ ኦሊዬቱ ሲበዛ ከመጣ፣ ደረጃው ቁልጭ ብሎ ይታይሻል፤ መጀመሪያ ገጹ ተያዘ፣ ከዚያ ዝቃጩ ተከመረ። በካልሳይት ላይ ነጠላዋን ማየት ከባድ መሆኑን አልደብቅሽም። የ1420 ክንፍ ይሸፍናታል። ለዚህ ነው ይህን ጉዳይ ያጠኑ ሰዎች ፍሎራይትን የወደዱት። እሱም የካልሲየም ማዕድን ነው፣ ኦሊዬትም ይወደዋል፤ ግን በዚያ ሜዳ ላይ የራሱ ፒክ የለውም። የኢንፍራሬድ መሣሪያ መስኮትም ከዚሁ፣ ማለትም ከካልሲየም ፍሎራይድ፣ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ትንሽ ካገኘሽ አንድ ሙከራ በሱ ላይ ሥሪ። ካልሳይቱን አይተካም፣ ግን ዓይንሽን ያሠለጥነዋል።

ሦስተኛው ማጠብ ነው። በደንብ ተጠንቀቂበት። በተራ ዲስቲልድ ውሃ አታጥቢ፤ ካልሳይቱን እያሟሟ ገጹን ይወስድብሻል። ካልሳይት ያደረበትን የጠለለ ውሃ ተጠቀሚ። በአሲድ ደግሞ እንዳትሞክሪው። ሎሚ ጠብ ሲልበት የሚፈላ ድንጋይ ነው። ከውሃው በኋላ በኤታኖል እጠቢ። ሶዲየም ኦሊዬትም ኦሊይክ አሲድም በኤታኖል ይሟሟሉ። ካልሲየም ኦሊዬት እምብዛም አይሟሟም። ከኤታኖል በኋላ ፒኩ ከጠፋ በላላ የተቀመጠ ነበር። ከቀረ ካልሲየም ይዞታል፤ የየትኛው ካልሲየም እንደሆነ ግን ኳርትዙን ትጠይቂያለሽ። (ኤታኖል ስል የላብራቶሪውን ነው። የሀገራችን አረቄ የቱንም ያህል ቢያቃጥል ውሃ አለው፣ ሽታውም ሌላ ፒክ ነው።)

ማድረቂያውን ከ40 ዲግሪ ብዙ አታሳልፊው። ሙቀት የተደረደረውን ያናጋል።

ከኢንፍራሬድ ውጭ ምን ይረዳሻል? ብዙ ነገር አለ፤ ሁሉንም ማድረግ የለብሽም።

ዜታ ፖቴንሻል (ቅንጣቱ ውሃ ውስጥ ያለውን የገጽ ቻርጅ የሚያሳይ ልኬት) ካለ አንድ ቀን ስጪው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኦሊዬት ኔጋቲቭ ነው። ድንጋዩም በዚያ ፒኤች ኔጋቲቭ ከሆነና ኦሊዬት ሲጨመር ይባሱን ኔጋቲቭ ከሆነ፣ ሁለት ተገፋፊዎች ተያይዘዋል። በቻርጅ መሳሳብ ብቻ ይሄ አይሆንም፤ ሌላ የሚያስር ነገር አለ። ልብ በይ፣ የካልሳይት ቻርጅ ውሃው ውስጥ ባለው ካልሲየምና ካርቦኔት ይለዋወጣል። ከሌላ ጽሑፍ የተቀዳ ቁጥር አትጠቀሚ። በራስሽ ውሃ ለኪ።

ኤክስፒኤስ (ገጽን በኤክስሬይ የሚመረምር መሣሪያ) የሚያየው የላይኛውን ጥቂት ናኖሜትር ስለሆነ ለገጽ ጥናት ተስማሚ ነው። ግን ከፍተኛ ቫኪዩም ይፈልጋል፣ ናሙናሽም ደርቆ ነው የሚገባው። ያንቺ ድንጋይ ካርቦኔት መሆኑም ያስቸግራል፤ የካርቦኔት ካርቦንና የካርቦክሲሌት ካርቦን ጎረቤት ናቸው። አየር የነካው ነገር ሁሉ ደግሞ 285 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የራሱን የካርቦን ፒክ ይሰጣል። ናሙና ልኮ ለማሠራት ገንዘብ ከሌለሽ አትጨነቂ፤ ይሄ ጥያቄ ያለሱ ይመለሳል።

ራማን (በሌዘር የሚመረምር ሌላ ዘዴ) ናሙናውን ውሃ ውስጥ እያለ ለማየት ይመቻል፣ ምክንያቱም ውሃ በራማን ደካማ ነው። የተፈጥሮ የኖራ ድንጋይ ግን ብዙ ጊዜ ፍሎረሰንስ (በሌዘሩ የሚቀሰቀስ የራሱ ብርሃን) አለውና ፒኩን ያጥለቀልቀዋል። ለንጹሕ ክሪስታል እንጂ ለጀማ ድንጋይ ተስፋ አልሰጥሽም።

ሰልፋይድ (እንደ ጋሌና ያለ ድኝ ያለበት ማዕድን) ላይ የምትሠሩ ሌሎቻችሁ፣ የእናንተ ኮሌክተር ዛንቴት ነው፤ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ዓለም የሚጠቀምበት። ለእናንተ ነገሩ ቀለል ይላል። ዛንቴት አልትራቫዮሌት ላይ 301 ናኖሜትር ጠንካራ ፒክ አለው። ዱቄቱን ከማየታችሁ በፊት ውሃውን እዩ፤ ከሙከራው በፊት ስንት ነበር፣ በኋላ ስንት ቀረ። የጎደለው ወይ ድንጋዩ ላይ ነው፣ ወይ ፈርሷል። በኢንፍራሬድ ደግሞ ፓይራይት (የብረት ሰልፋይድ) ላይ 1260 አካባቢ ፒክ ካያችሁ ዛንቴቱ ኦክሲዳይዝ ሆኖ ዲዛንቶጅን መሆኑን ጠርጥሩ። ዲዛንቶጅን ዘይት ነው፤ ቫኪዩም ውስጥ ሊተንባችሁ ይችላል። ጋሌና ላይ የምታገኙት በአብዛኛው የእርሳስ ዛንቴት ነው፣ 1200 አካባቢ የሚታየው። ያው አንድ ኮሌክተር በሁለት ድንጋይ ላይ ሁለት ዓይነት ይይዛል። እህታችን ግን ኦሊዬቷን በአልትራቫዮሌት ለመለካት አትልፋ፤ ለዚያ የሚሆን ጠንካራ ፒክ የለውም። ውሃው ውስጥ የቀረውን ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን የሚለካ መሣሪያ ካገኘች በሱ ትለካ።

እህቴ፣ ለአማካሪሽ የምትመልሺው ይሄ ነው። ያለሽን ጽሑፍ አሁን አትሰርዢው፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ ለውጪ። «ኬሚሶርፕሽን ነው» ያልሽውን «የሃይድሮካርቦን ሰንሰለት ያለው ነገር በታከመው ናሙና ላይ ተገኝቷል፤ አያያዙ ገና አልተለየም» በይው። ከዚያ የአንድ ሳምንት ሥራ ጠይቂያቸው። ሰኞ ማድቀቅና ኳርትዙን ማጽዳት። ማክሰኞ አራቱን መጠን በካልሳይት። ረቡዕ ሁለቱ የኳርትዝ ብልቃጦች። ሐሙስና ዓርብ ማጠብና ማንሳት። በየቀኑ አንድ ባዶ ናሙና።

ጠዋት ጠዋት ብትሠሪ ይሻላል፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሳይበዛ። ስፔክትረሙ ሲወጣ ዓይንሽ መጀመሪያ 2920 ላይ እንዳይሄድ። 1500 እና 1620 መካከል ያለውን ብቻ ቆርጠሽ አሳድጊው። አምስት መስመር ደራርቢ፤ ያልታከመ ካልሳይት፣ የታከመ ካልሳይት፣ ሁለቱ ኳርትዞች፣ በራስሽ እጅ ካልሲየም ክሎራይድና ሶዲየም ኦሊዬት ደባልቀሽ ያዘቀጥሽው ካልሲየም ኦሊዬት። አምስተኛው መስመር መንታውን ያሳይሻል። ሌሎቹን በሱ ለኪያቸው። ኳርትዞቹ ዝም ካሉና የታከመው ካልሳይት ከኤታኖል በኋላም ከተናገረ፣ ጽሑፍሽ ላይ ያንን ቃል መልሺው።